ሆድ ሲያስቸግር፦ የቱን ልመርመር፣ የቱን ልተው?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት ካኪ ፖስታ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። 14 ወረቀት ነበር፦ 6 የሰገራ ምርመራ፣ 3 የታይፎይድ፣ 2 የጨጓራ ባክቴሪያ፣ 2 አልትራሳውንድ፣ 1 ኢንዶስኮፒ። የ3 ዓመት ክምችት ነው። ከሰገራዎቹ አራቱ «ምንም አልታየም» ይላሉ፤ ሁለቱ ላይ «የአሜባ ሲስት ታይቷል» ተብሎ ተጽፏል። መድኃኒቱን ሁለቴም ወስዶ ጨርሷል። ሁለቴም ለሁለት ሳምንት ያህል ተሻለውና ሆዱ እንደገና መነፋት፣ መቁረጥ ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ሦስት አራት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ይመላለሳል። «እንግዲህ የቀረኝ ምንድን ነው? ምኑን ልመርመር?» አለኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተቆጣ አንጀቴን ይዤ ከ10 ዓመት በላይ ስለኖርኩ ግን ይህን ጥያቄ ለሐኪሞች ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፤ አንብቤበታለሁም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ያስገረመኝ የተሠራው ምርመራ ሳይሆን ያልተሠራው ነው። ተራው የደም ቆጠራ፣ ሲቢሲ የሚባለው፣ ከ14ቱ መካከል አንድም ጊዜ የለም። ሰውዬው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲመረመር ኖሮ የደም ማነስ ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቅ የለም።

ይህን ዓይነቱን ሕመም ሰው ጨጓራ ይለዋል፣ አሜባ ይለዋል፣ አለዚያም ዝም ብሎ «ይሄ ሆዴ» ይላል። ሐኪሞች የሚጠሩት አይቢኤስ ብለው ነው። አንጀቱ ሳይቆስል፣ ሳያብጥ፣ ዕጢም ሳያወጣ አሠራሩ ብቻ ይዛባል። በ33 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከጠየቃቸው አዋቂዎች መካከል ከ100 ሰው 4ቱ ገደማ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ሐኪሞች የሚለዩት «ሮም» በሚባል መስፈርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አራተኛው የሮም መስፈርት እንዲህ ይላል፦ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር የሆነው፣ ባለፉት 3 ወራት ደግሞ በአማካይ በሳምንት አንድ ቀንና ከዚያ በላይ የሚመላለስ የሆድ ሕመም ይኑር፤ ሕመሙም ከሚከተሉት ሦስት ነገሮች ቢያንስ ከሁለቱ ጋር ይያያዝ፦ ከመጸዳዳት ጋር፣ በቀን ስንት ጊዜ ከመውጣት ለውጥ ጋር፣ ከሰገራው መልክ ለውጥ ጋር።

ልብ በሉ፣ በዚህ መስፈርት ውስጥ አንድም የላቦራቶሪ ቁጥር የለም። ሕመሙ የሚለየው በታካሚው ታሪክ ነው። ብዙዎቻችንን የሚያናድደንም ይኸው ነው፤ በመሣሪያ ያልታየ ነገር የሌለ ነገር ይመስለናል። «ምንም የለብህም» የተባለ ሰው ወይ ሐኪሙ አልገባውም ይላል፣ ወይ ራሱን ይጠረጥራል።

ሪቺ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ ነገሩን በቀላል መንገድ አሳይቷል። ትንሽ ፊኛ በታችኛው አንጀት ውስጥ እያስገባ ቀስ በቀስ ነፋው። ፊኛው 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ያህል ሲሞላ፣ ከጤነኞቹ መካከል ሕመም የተሰማቸው 6 ከመቶው ብቻ ነበሩ፤ አንጀታቸው ከሚቆጣው መካከል ግን 55 ከመቶው አመማቸው። ሁሉም ውስጥ የገባው ያው 60 ሚሊ ሊትር ነው። የተለያየው ከአንጀት ወደ አንጎል የሚሄደው የነርቭ መልእክት ነው፤ በአንዱ ሹክሹክታ የሆነው በሌላው ጩኸት ይሆናል። ይህን አልትራሳውንድም ሆነ ማይክሮስኮፕ አያነሣውም። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴን በላው እያልን ስሜታችንን ሁሉ ከወገብ በላይና ከደረት በታች ለምናስቀምጥ ሰዎች፣ አንጀትና አንጎል ይነጋገራሉ መባሉ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር።

ታዲያ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል? አይቢኤስን ለማግኘት አይደለም፤ አይቢኤስን መስለው የሚመጡትን ለመለየት ነው። ባልደረባዬ ወደ ላቦራቶሪ የሄደው ሁልጊዜ «እስቲ የሆነ ነገር ፈልጉልኝ» ብሎ ነው። ላቦራቶሪ ደግሞ የተጠየቀውን እንጂ ያልተጠየቀውን አይመልስም። ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚመልሰው «እዚህ ናሙና ላይ ጥገኛ ተሕዋስ ይታያል ወይ?» የሚለውን ነው። ኢንዶስኮፒ ጉሮሮን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ያያል፤ ከትልቁ አንጀት አይደርስም። አልትራሳውንድ ጉበትንና ኩላሊትን ያሳያል፤ በአየር የተሞላ አንጀት ግን ድምፁን ስለሚበትነው ብዙም አይነግረንም። ባልደረባዬ ትልቁ አንጀቱ እያስቸገረው ስለ ጨጓራው፣ ስለ ጉበቱና ስለ ኩላሊቱ መልስ ሲሰበስብ ከርሟል ማለት ነው።

ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚመጡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ለእነዚህ መልሱ «አዎ» ከሆነ ጉዳዩ ቤት ውስጥ በምግብ የሚያዝ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው።

አንደኛው ደም ነው። እኛ ዘንድ በሰገራ ላይ ደም ያየ ሰው ቶሎ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ እውነትም ኪንታሮት ይሆናል። ግን ኪንታሮት መሆኑን የሚያውቀው ያየው ሐኪም እንጂ የገመተው ባለቤቱ አይደለም፤ ኪንታሮት ያለበት ሰው ሌላ በሽታ አይኖርበትም ያለ ማንም የለም። የብልሃርዚያ ውኃ ባለባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በጣና ዳርቻ፣ ያደገ ሰው ደግሞ የአንጀት ብልሃርዚያም ደም ያመጣል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራም ደም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራው በዚያው ምክንያት እንደሚጠቁር አውቆ ቢደነግጥ እንኳ በልክ ይደንግጥ።

ሁለተኛው ሳይፈልጉ መክሳት ነው። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ጾም ላይ ከሆነ ይገባናል፤ እንደ ልቡ እየበላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ክሳቱ ማታ ማታ ከሚመጣ ላብና ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ በእኛ አገር የሆድ ቲቢን ማሰብ የሐኪሙ ግዴታ ነው። ከአንድ ወር ያለፈ ምክንያቱ ያልታወቀ ተቅማጥም የኤችአይቪ ምርመራን ይጠይቃል። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ቁጣው አይገባኝም፣ መልሱ በዚያው ቀን የሚታወቅና ሕክምና ያለው ነገር ነው።

የቀሩት ባጭሩ፦ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ (አይቢኤስ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን ያስተኛል)፣ ዕድሜ 45 ወይም 50 ካለፈ በኋላ አዲስ የጀመረ የሆድ ለውጥ፣ በቅርብ ቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ወይም የአንጀት ቁስለት በሽታ መኖር፣ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት። አንዲት ሴት 50 ዓመት ካለፋት በኋላ ሆዷ አዲስ መነፋት ከጀመረና ካልለቀቃት፣ አይቢኤስ ከማለት በፊት እንቁልጢዋ መታየት አለበት።

እነዚህ ምልክቶች ለሌሉበት ሰው የሚያስፈልገው ምርመራ በሚገርም ሁኔታ ጥቂት ነው። የደም ቆጠራ፣ የደም ማነስን ለማየት፤ ወንድ ልጅ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት የብረት እጥረት ከተገኘባት ደሙ የሚሄድበት መፈለግ አለበት። ሲአርፒ፣ በሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን የሚጠቁም። ተቅማጥ ለሚበዛበት ደግሞ ሁለት ይጨመራል። አንዱ ካልፕሮቴክቲን ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቆሰለ አንጀት ሲጎርፉ የሚተዉት ፕሮቲን ሲሆን የሚለካው ከሰገራ ነው። ዝቅ ካለ የአንጀት ቁስለት በሽታ የመኖሩ ነገር በጣም ይርቃል። በየላቦራቶሪው አይገኝም፤ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲወስድ የሰነበተ ሰውም ያለ በሽታው ከፍ ሊልበት ይችላል። ሌላው የሲሊያክ ምርመራ ነው፤ ሰውነት በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ላይ የሚያምፅበትን በሽታ ከደም ያሳያል።

ጤፍ የምንበላ ሰዎች እዚህ ላይ ልንጠነቀቅ ይገባል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ማኛውም ሰርገኛውም። የሲሊያክ ምርመራ ደግሞ የሚሠራው ሰውዬው ግሉተን እየበላ ከሆነ ብቻ ነው፤ የእንግሊዝ መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ ማዕድ በላይ ግሉተን እንዲበላ ይመክራል። ስለዚህ ንጹሕ ጤፍ ብቻ የሚበላ፣ ዳቦም ሆነ በሶ የማይቀምስ ሰው «ነጻ ነህ» የሚል ወረቀት ቢሰጠው ምናልባት ወረቀቱ ተሳስቷል። በተቃራኒው አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ከምግብ ቤት የሚገዙት እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው፤ «እንጀራ ብቻ ነው የምበላው» ማለት ከግሉተን መራቅ አይደለም። ሰው መጀመሪያ ዳቦ አቁሞ፣ ተሻለኝ ብሎ፣ ከዚያ በኋላ ልመርመር ሲል በሩን ቆልፎ ቁልፉን እንደ መፈለግ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ምርመራው፣ ከዚያ ማቆሙ ነው።

ወደ አሜባው ልመለስ፤ የባልደረባዬ ገንዘብና ጊዜ ያለቀው እዚያ ነውና። በሽታ የሚያመጣው አሜባና ምንም የማያመጣው መንትያው በሲስትነታቸው በማይክሮስኮፕ አይለዩም፤ መልካቸው አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ጉዳት የለሹ አሜባ መታከም እንደማያስፈልገው ገልጸዋል። ተራው የማይክሮስኮፕ ወረቀት ግን «ሲስት ታይቷል» ብሎ ያቆማል። ታዲያ መድኃኒቱን ሲወስድ ለምን ተሻለው? ሁለት ምክንያት አለ። መድኃኒቱ የአንጀትን ባክቴሪያ ስለሚቀንስ ጋዙ ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ያታልላል፦ አይቢኤስ ይብሳል፣ ይለቃል። ሰው ላቦራቶሪ የሚሄደው በጣም በባሰበት ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ መድኃኒት ቢወስድም ባይወስድም መሻሉ አይቀርም። ፌጦ የወሰደው ፌጦን ያመሰግናል፣ ተልባ የጠጣው ተልባን፣ እንክብል የዋጠው እንክብሉን።

ጃርዲያ እውነተኛ ጥርጣሬ ከሆነ ግን አንድ ናሙና አይበቃም። ተሕዋሱ በየቀኑ ስለማይወጣ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ማየት ይሻላል። ጃርዲያ ሌላም የሚያስተምረን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኖርዌይ በርገን ከተማ የቧንቧ ውኃ ተበክሎ ብዙ ሰው በጃርዲያ ታመመ። ታመው የነበሩት ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ 46 ከመቶው አይቢኤስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት መካከል 14 ከመቶው። ተሕዋሱ ከሄደ በኋላም አንጀቱ ተቆጥቶ ይቀራል ማለት ነው። በየቀበሌው ጃርዲያ በሚመላለስበት አገር ይህ ትልቅ ትርጉም አለው፦ አንድ ጊዜ እውነተኛ ኢንፌክሽን የነበረበት ሰው ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ያንኑ ሕመም ሲያይ ያንኑ መድኃኒት ይገዛል፤ አሁን ግን የሚገደል ነገር የለም።

«ቢሆንም ሁሉንም መመርመር ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። እስቲ በቁጥር እንየው። የማስጠንቀቂያ ምልክት የሌለባቸውን 1000 ሰዎች እናስብ፤ ከነሱ አንድ በሽታ ያለባቸው 5 ናቸው እንበል። ምርመራው ጥሩ ነው፤ ከጤነኞች መካከል የሚሳሳተው በ100 ሰው 5ቱ ላይ ብቻ ነው። 5ቱን በሽተኞች በሙሉ ያገኛል። ከ995ቱ ጤነኞች ደግሞ 50 ያህሉን «አለባችሁ» ይላቸዋል። «አለባችሁ» ከተባሉት 55 ሰዎች 50ዎቹ የሌለባቸው ናቸው። አሁን አንድ ሰው እንዲህ ያለ ምርመራ አሥር ዓይነት ቢያደርግ ጤነኛም ቢሆን ቢያንስ አንዱ ላይ የሆነ ነገር የመገኘቱ ዕድል ከ100 ወደ 40 ይጠጋል። የታይፎይድ የደም ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ ታይፎይድ በበዛበት አገር እንዲህ ያደርጋል፤ ድሮ የተያዘን ሰው ዛሬ ታመሃል ይለዋል።

በዴንማርክ ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆናቸው፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት የሌለባቸው 302 ታካሚዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ግማሹ በታሪኩና በጥቂት የደም ምርመራ ብቻ አይቢኤስ ተባለ፤ ግማሹ በሰገራ፣ በብዙ የደም ምርመራና አንጀትን በካሜራ በማየት ተፈተሸ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት እንደሚለው ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል የጤና ልዩነት አልነበረም፤ ካንሰርም፣ የአንጀት ቁስለት በሽታም፣ ሲሊያክም በአንዳቸውም ላይ አልተገኘም። ይህን ጥናት እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ግን አልወድም። ዴንማርክ ውስጥ የሆድ ቲቢም፣ ብልሃርዚያም፣ መንጠቆ ትልም እንደኛ አያሳስብም። እኛ ዘንድ «ጥቂት» የሚለው ዝርዝር ትንሽ ይረዝማል፤ ማለቂያ የለውም ማለት ግን አይደለም።

ውጭ ያሉ አንባቢዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ በፖስታ የሚላከው «የማይስማማህን ምግብ እንነግርሃለን» የሚለው የደም ምርመራ። አይጂጂ የተባለውን የደም ፕሮቲን የሚለካ ከሆነ ያን ምግብ መብላታችሁን እንጂ አለመስማማቱን አይመሰክርም። ዝርዝሩ ላይ እንቁላልና ስንዴ የሚበዛውም ሰው እንቁላልና ስንዴ ስለሚበላ ነው። በአሜሪካ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ መጀመሪያ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 45 ዝቅ መደረጉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ሆዱን ላመመውም ላላመመውም የተወሰነ ነው፣ ከአይቢኤስ ጋር አይቀላቀል።

እኛ ጋ ግን ሳይከፈልበት የሚገኝ ምርመራ አለ፦ ሁዳዴ። ጾመኛ ሰው 55 ቀን ወተት አይቀምስም። የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ የማይስማማቸው አዋቂዎች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ምልክቱም መነፋት፣ ማጉረምረምና ተቅማጥ ስለሆነ ከአይቢኤስ አይለይም። በሁዳዴ ሆዱ ቀጥ ብሎ በፋሲካ ማግስት የታወከ ሰው ወተትን ይጠርጥር። ይህ ሰው አይብ ቢበላ ብዙም ላይታመም ይችላል፤ ላክቶሱ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ተደፍቷልና። በተቃራኒው በጾሙ የሚብስበት ሰው አለ። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ትንሹ አንጀት የማይፈጫቸው ስኳሮች አሉባቸው፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያብላላቸዋል፣ ጋዝ ይሆናሉ። ሜልቦርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀረጹት የአመጋገብ ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ እነዚህን ከ2 እስከ 6 ሳምንት አቁሞ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን መለየት። መመለሱን የሚዘሉ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ግማሽ ማዕድ ሲበሉ ይኖራሉ። ፋሲካን ግን ለፍተሻ አትመኑት፤ ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ፣ ጠላና ክትፎ በአንድ ቀን ገብተው ማን እንደ በደለ አይታወቅም።

ባልደረባዬ በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ፖስታውን ወደ ጎን አድርጋ 20 ደቂቃ ጠየቀችው። ሆዱን ዳሰሰች። ሲቢሲ፣ ሲአርፒ፣ ኤችአይቪ፣ የሲሊያክ ምርመራና የሦስት ቀን ሰገራ አዘዘች፤ ሁሉም ደህና ሆነ። «ይኸው ነው፤ ያው ሕመም ሲመለስ ለዚያው ምርመራ እንዳትመለስ። ደም ካየህ፣ ከከሳህ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰህ ወይም ሕመሙ መልኩን ከለወጠ ግን በዚያው ሳምንት ና» አለችው። «ፖስታውን ታዲያ ልጣለው?» ብሎ ጠየቃት። ከአዲሶቹ ውጤቶች የደም ቆጠራውን ብቻ ነጥላ ሰጠችው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢታመም የሚወዳደርበት ቁጥር እንዲኖረው።

አሁን ትንሽ ደብተር ይይዛል። የሰገራውን መልክ የሚጽፈው እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው ከ1 እስከ 7 ባለው የብሪስቶል መለኪያ ነው፤ 1 የፍየል በጠጥ የመሰለው ደረቁ፣ 7 ውኃው። ባለፈው ሳምንት ገልጦ ያሳየኝ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፣ ምስር ወጥ ማታ፣ 6። ረቡዕ፣ ጎመንና ድንች፣ 4። ሐሙስ፣ ስብሰባ ነበር፣ ምንም አልበላሁም፣ 6።» ሐሙስ ላይ በእስክሪብቶ ሁለቴ አስምሮበታል።